ባዶ የመጣው የባለዕዳ ዝርዝር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው፤ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ መረጃ መዝጋቢ ነኝ። የኮምፒዩተር ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም፣ ግን ሁሌ ስለ አዲስ ስልክ ነው። እስቲ መረጃ በሠንጠረዥ ስለሚያዝበት ዳታቤዝም ጻፉልን።

ባለፈው ወር አለቃዬ «ያልከፈሉትን ደንበኞች አውጣልኝ» አሉኝ። ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚጻፍ ጥያቄ) ውስጥ ሌላ ኩዌሪ በቅንፍ ጻፍኩ። ቅንፍ ውስጥ ያለው ከክፍያ ሠንጠረዥ የከፈሉትን ሰዎች ቁጥር ያመጣል፣ ውጪኛው በ«ኖት ኢን» («ከእነዚህ ውስጥ የሌለ» እንደማለት ነው) የቀሩትን ይለቅማል። ውጤቱ ዜሮ! አለቃዬ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔን ግን ማታ ከነከነኝ፤ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ በዱቤ ማሽላ ያስጫነ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ለካ ከክፍያዎቹ አንዷ የደንበኛ ቁጥር አልተሞላባትም። ናል ናት፤ ባዶ፣ ያልታወቀች ማለት ነው። (የመዘገብኳት እኔው ነኝ፣ ምን ይደረግ።) ዳታቤዙ «ይህ ደንበኛ ከዚያ ካልታወቀው ቁጥር ይለያል ወይ?» ሲባል መልሱ «አይታወቅም» ነው፤ «ዌር» የሚባለው ማጣሪያ ደግሞ እርግጠኛ እውነት የሆነውን ብቻ ስለሚያሳልፍ ሁሉም ደጅ ቀረ። የስህተት መልእክት እንኳ የለውም፣ ዝም ብሎ ባዶ ይሰጥሃል። «ለዚህ ደንበኛ ክፍያ የለም ወይ?» ብሎ በሚጠይቀው «ኖት ኤግዚስትስ» ስቀይረው 14 ስም ወጣ።

ሥልጠና ላይ ይህን ማንም አልነገረንም። ያስተማረን ልጅ ከኩዌሪው የመጀመሪያ ቃል ከ«ሴሌክት» ጀምሮ ከላይ ወደ ታች እየወረደ በእንግሊዝኛ አነበበልን፣ ግማሻችን ጠፋን። በአማርኛ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር። «ትናንት ከሐይቅ የመጣው ሹፌር ያራገፈው ስንዴ ስንት ኩንታል ነው?» ስንል መጀመሪያ ሹፌሩን እንለያለን፣ ከዚያ ስንዴውን፣ ኩንታሉ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቅንፍም እንደዚያው ነው፤ ከውስጥ ጀምረህ ወደ ውጭ ታነበዋለህ። «ኤግዚስትስ» ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ውስጠኛው የውጪኛውን ረድፍ አንድ በአንድ እያየ ነው የሚጠይቀው። ለብቻው ቢጻፍበት አይበዛበትም።

«ዊዝ ተጠቀም፣ ቅንፍ ለምኔ» የሚሉኝ አሉ። «ዊዝ» ውስጠኛውን ኩዌሪ ስም ሰጥቶ ከላይ ያስቀምጠዋል፤ እውነት ነው፣ ለንባብ ይቀላል። የእኛ ቢሮ የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል፣ ግን ሥሪቱ 5.7 ነው፤ «ዊዝ» የገባው በ8.0 ነው፣ እሱም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ። ስለዚህ ለጊዜው ከቅንፍ ጋር ነን።

ዝርዝሩን ስሰጣቸው አለቃዬ አንዴ ወረቀቱን አንዴ እኔን አዩና «አብሽር፣ ግን እስከ ዛሬ ያወጣህልኝን ሁሉ እንደገና አውጣው» አሉኝ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ