ስሙን ማን አወጣው? የአገር ስሞች ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የአገርን ስም የሚያወጡት ግን መርከበኞች፣ ነጋዴዎች፣ ጎረቤቶች፣ አንዳንዴም አንድ ጋዜጠኛ ሆነው አገኘናቸው። ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና የከረመው ይህንን ነው።

አሠራራችን ቀላል ነበር። የክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ የዓለም ካርታ ሰቀልን። አንድ ተማሪ አንድ አገር ይመርጣል፣ ስሙን ያጠናል፣ ያገኘውን በትንሽ ካርድ ጽፎ ይለጥፋል። መጀመሪያ ላይ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ትርጉሙ ብቻ ነበር። ካሜሩን፦ ሽሪምፕ (ትንሽ የውሃ እንስሳ)። ሴራሊዮን፦ የአንበሳ ተራሮች። አርጀንቲና፦ ብር። ልጆቹ በጣም ወደዱት። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የካሜሩን ሰው ተነስቶ አገሬን በሽሪምፕ ልጥራ አላለም። በ1472 ፖርቱጋሎች ዉሪ ወንዝ ሲደርሱ ውሃው በሽሪምፕ ተሞልቶ አዩ፤ «የሽሪምፕ ወንዝ» አሉት። ስሙ ከወንዙ ወደ አገሩ ተሻገረ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ካርዱን ቀየርነው። ከትርጉሙ በፊት «ማን አወጣው? በምን ቋንቋ? መቼ?» የሚል መስመር ገባ። ክበቡ እውነተኛ ክበብ የሆነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። በማግስቱ የናይጄሪያ ካርድ መጣ። በ1897 ፍሎራ ሾው የተባለች እንግሊዛዊት ጋዜጠኛ፣ በኒጀር ወንዝ አካባቢ ለነበረው የእንግሊዝ ግዛት ይህን ስም ታይምስ ጋዜጣ ላይ አቀረበች። ስሙም በዚያው ጸና። ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ጀርመን ነበር። አንድ አገር፣ ስሙ ግን በየደጁ ሌላ ነው። ራሳቸው ዶይችላንድ ይላሉ፤ ቃሉ መነሻው «የሕዝቡ» እንደማለት ነው፣ ከላቲን የተለየውን የተራውን ሰው ቋንቋ ለማመልከት። ፈረንሳዮች አልማኝ ይላሉ፣ አለማኒ ከተባለው ጎሣ ወስደው። ፊንላንዶች ሳክሳ ይላሉ፣ ከሳክሶኖች። ሁሉም ቀድሞ ባወቀው ጎሣ ጠራቸው ማለት ነው። ፖላንዶች ደግሞ ኒየምጺ ይሏቸዋል። የዚህ ሥረ ቃል «ድዳ» ከሚለው ጋር ይያያዛል፤ ቋንቋችንን የማይናገር ሰው ለማለት። ዓረብኛም ይህንኑ ቃል ወስዶ ኦስትሪያን «ነምሳ» ይላታል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አምስቱን ስሞች ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደርድራ፣ ከእያንዳንዱ ወደ ጠሪው አገር ቀስት ሠራች። ሰሌዳውን ለማጥፋት እጄ አልታዘዘኝም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የኪሪባቲ ካርድ ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉት እነዚህ ደሴቶች ቶማስ ጊልበርት በተባለ እንግሊዛዊ ካፒቴን ስም «ጊልበርትስ» ይባሉ ነበር። በ1979 ነጻ ሲወጡ ስሙን አልጣሉትም፤ በራሳቸው አፍ አሉት። በቋንቋቸው «ል» የለም። «ጊ» «ኪ» ሆነ፣ «ል» «ሪ» ሆነ፣ «በርት» «ባ» ሆነ። መጨረሻው በፊደላቸው «ቲ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ የሚነበበው «ስ» ተብሎ ነው። ኪሪባስ! ካርዱን የሠራው ልጅ ስሙን ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል ሲያስነብበን «ጊልበርትስ» ውስጥ «ኪሪባስ»ን ሰማነው። ካርታችን ላይ «ኪሪባቲ» የሚለውን በእርሳስ አርሞታል፤ እኔም ተውኩት።

ራሳቸው ስም ያወጡ አገሮች ላይ ግን ክርክሩ ጦፈ። ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ «ጎልድ ኮስት»ን ጥላ የጥንቱን የጋና መንግሥት ስም ወሰደች። የጥንቱ ጋና የነበረው ግን ዛሬ ሞሪታንያና ማሊ በሚባለው ምድር ነው። አንድ ልጅ በክር ለክቶ ርቀቱን አሳየን። «ታዲያ የሰው ስም ነው» ያሉ ነበሩ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰው ለልጁ የአያቱን ስም ሲያወጣ አያቱ የኖረበትን ቤት አይለካም። ቡርኪና ፋሶን ደግሞ ማንም አልተከራከረባትም። የአገሩ መሪ ቶማስ ሳንካራ በ1984 የቀድሞውን «ኦት ቮልታ» ሲቀይር «ቡርኪና»ን ከሞሬ፣ «ፋሶ»ን ከዲዩላ ቋንቋ ወሰደ፤ የቀና ሰው፣ የአባት ቤት። ዜጎቹ «ቡርኪናቤ» ሲባሉ «ቤ» የመጣው ከፉልፉልዴ ነው። ሦስት ቋንቋ አንድ ስም ላይ ተቀምጧል።

የራሳችንም ተራ ደረሰ። ኢትዮጵያ የሚለው ስም በግሪክኛ «የተቃጠለ» እና «ፊት» ከሚሉ ቃላት እንደተገኘ ሲነበብ ፊታቸውን ያጠቆሩ ልጆች ነበሩ። አልገረመኝም። ያረጋጋን ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግእዝም በግሪክኛም ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ግእዙ «ሐበሠት» ያለውን ግሪክኛው በ«ኢትዮጵያውያን» ተክቶታል። ከውጭ የመጣውን ስም የአገሩ ንጉሥ ራሱ ተጠቅሞበታል። ካርዱ ላይ «ማን አወጣው?» ከሚለው ሥር «ማን ተቀበለው?» የሚል አራተኛ ጥያቄ የተጨመረው በዚያ ሳምንት ነው።

በመስከረም ስንመለስ ወደ ዋና ከተሞች እንሻገራለን። አንዲት ተማሪ ከወዲሁ የላይቤሪያን ካርድ ጀምራለች። የአገሩ ስም የወጣው «ነጻ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ዋና ከተማው ሞንሮቪያ ደግሞ የተሰየመው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጄምስ ሞንሮ ነው። «ማን ተቀበለው?» የሚለውን መስመር ባዶ ትታዋለች። ክረምቱን ሙሉ አስብበታለሁ ብላኛለች።