«ተአምር» ስለተባለው የጆርጅ ሜሰን ጉዞ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዴ አራት ኪሎ ከጋዜጣ አከራዮቹ ዘንድ ቁጭ ብዬ የስፖርት ገጻችሁን ሳነብ፣ ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች ቅርጫት ኳስ በወጣችው አጭር ጽሑፍ ውስጥ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ለመሆን የበቃበት ጉዞ «ተአምር» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉን አየሁ። የኪራዩን ሂሳብ ከፍዬ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ቃሉ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ተመልሼ ጋዜጣውን ገዛሁት፤ አከራዩም «ጋሼ፣ ያነበቡትን ነው እንዴ የሚገዙት?» ብሎ ሳቀብኝ።

ለዚህ ያበቃኝ ምክንያት አለ። በዚያ ዓመት መኖሪያዬ ቨርጂኒያ፣ የእንጀራ ገመዴ ደግሞ ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከትልቁ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። ብዙ የአገራችን ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያ ከተማ መኪናውን ለማቆም የገባ ሐበሻ በአማርኛ ሰላምታ ሳይቀበል የሚወጣበት ቀን ጥቂት ነው። ጆርጅ ሜሰን የሚገኝባት ፌርፋክስ ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ስለዚህ ውድድሩን የተከታተልኩት እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን እንደ ሰፈር ጉዳይ ነው።

ጸሐፊያችሁ ጉዞውን የጀመሩት ከመጋቢት ነው፤ የቡድኑ ሥራ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በብርዱ ወራት የተሠራ ነው። አሰልጣኙ ጂም ላራኛጋ ይዘውት የመጡት ቡድን በመጋቢት ወደሚጀመረው የአገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ጥሎ ማለፍ ሲገባ 23 ጨዋታ አሸንፎ 7 የተሸነፈ፣ ኮሎኒያል በተባለው፣ ዓመቱን እርስ በርስ በሚጫወቱ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ውስጥ 15 አሸንፎ 3 ተሸንፎ አንደኛነቱን ከሌላ ቡድን ጋር የተጋራ፣ በየካቲት ወር ደግሞ ካንሳስ ድረስ ተጉዞ ዊቺታ ስቴትን በሜዳው 70 ለ 67 የረታ ነበር። ከቋሚዎቹ አምስት ተጫዋቾች ጃይ ሉዊስ፣ ላማር በትለርና ቶኒ ስኪን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ፤ ዊል ቶማስና ፎላሪን ካምቤል ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበሩ። አምስቱም የጎረቤቱ የሜሪላንድ ግዛት ልጆች ናቸው፤ ካምቤል ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስኪን ከታኮማ ፓርክ። (ሲልቨር ስፕሪንግ ሲባል ለእኛ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው ክትፎና ቡና መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የቅርጫት ኳስ ሜዳም አላት።) ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያልወሰዷቸው እነዚህ ልጆች፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ተሰብስበው ወደ ባለሙያ ሊግ የሚበታተኑ ሳይሆኑ አንዱ የሌላውን እርምጃ ሳያይ የሚያውቅ ቡድን ሆነው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በጊዜው ጥሎ ማለፉ 65 ቡድኖችን ይቀበል የነበረ ሲሆን፣ 31ዱ በየማኅበራቸው ሻምፒዮንነት በቀጥታ ይገባሉ፤ የቀሩትን 34 የሚመርጠው ኮሚቴ ነው። ጆርጅ ሜሰን ሻምፒዮን አልነበረም። በማኅበሩ ግማሽ ፍጻሜ ሆፍስትራ በተባለው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተሸንፏል፤ በዚያው ጨዋታ ላይ ስኪን አንዱን የሆፍስትራ ተጫዋች ከወገብ በታች በቡጢ መትቶ ለአንድ ጨዋታ ታግዷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ኮሚቴው ጆርጅ ሜሰንን አስገባ። የኮሎኒያል ማኅበር ከሻምፒዮኑ ሌላ ቡድን ሲያስገባ ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ በዚያው ምሽት በቴሌቪዥን የስፖርት ጋዜጠኞቹ ጂም ናንትዝና ቢሊ ፓከር የኮሚቴውን ሰብሳቢ ክሬግ ሊትልፔጅን ይዘው፣ ትንንሾቹ ማኅበራት ይህን ያህል ቦታ እንዴት እንዳገኙ አጥብቀው ጠየቋቸው።

ተአምር የሚለው ቃል የሚሸፍነው ይህንን ነው። ሆፍስትራ ጆርጅ ሜሰንን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ አሸንፎታል፤ የማኅበሩ ፍጻሜ ላይ ደርሶም በኖርዝ ካሮላይና ዊልሚንግተን ተሸንፏል፤ ሆኖም አልተጠራም። በዚያ ላይ የጆርጅ ሜሰን የስፖርት ኃላፊ ቶም ኦኮነር ራሳቸው የኮሚቴው አባል ነበሩ። በእርግጥ ደንቡ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ሲነሣ አባሉ ከክፍሉ እንዲወጣ ያዛል፤ በዚህ ረገድ በሰውየው ላይ ጣቴን አልቀስርም። ከዚህም በላይ፣ ከማኅበሩ ውጪ ማንን ገጥሞ ማንን አሸነፈ ተብሎ ሲታይ፣ የዊቺታው ድል ለጆርጅ ሜሰን የሚመሰክር መሆኑ አይካድም። እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም አስገባ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ በሩን የከፈተው ሰው ነው፤ የዘጋውም ሰው ነው፤ ውሳኔው ለክርክር የሚቀርብ እንጂ እጅ ተነሥቶበት የሚታለፍ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጸሐፊያችሁ በደንብ ስለጻፉት ባጭሩ ልለፈው። ከዚያን ዓመት በፊት በጥሎ ማለፉ አንድም ጨዋታ አሸንፎ የማያውቀው ቡድን፣ በምድቡ 11ኛ ደረጃ ተሰጥቶት ያለ ስኪን ሚሺገን ስቴትን 75 ለ 65፣ ከዚያ የዓምናውን ሻምፒዮን ኖርዝ ካሮላይናን፣ 16 ለ 2 ተመርቶ ሳለ፣ 65 ለ 60፣ ቀጥሎም ዊቺታ ስቴትን ለሁለተኛ ጊዜ 63 ለ 55 ረታ።

መጋቢት 17 ቀን እሑድ፣ እኔ ከምሠራበት ማቆሚያ በእግር በሚደረስበት አዳራሽ የምድቡን አንደኛ ኮኔቲከትን ገጠመ። በዚያው ዓመት ከኮኔቲከት አራት ተጫዋቾች በባለሙያ ሊጉ ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ተወስደዋል። ጆርጅ ሜሰን በዕረፍት ሰዓት 43 ለ 34 ይመራ ነበር ብትሉኝ ደስ ባለኝ፤ ይመሩ የነበሩት ግን ኮኔቲከቶች ናቸው። ከዕረፍት በኋላ በቁመት የሚበለጡት ሉዊስና ቶማስ ከቅርጫቱ ሥር ቦታቸውን አንለቅም ብለው ልዩነቱን አጠበቡና ቀደሙ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የኮኔቲከቱ ዴንሃም ብራውን ያስገባት ኳስ በቀለበቱ ላይ ተንከባልላ ስትወድቅ 74 ለ 74 ሆኑ። በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ላይ ይኸው ብራውን የወረወራት ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ግን አልገባችም፤ 86 ለ 84 አለቀ።

እኔ ጨዋታውን ያየሁት በቲኬት መቁረጫዋ ክፍል ውስጥ በነበረች ትንሽ ቴሌቪዥን ነው። ከአፍታ በኋላ ሕዝቡ መጣ፤ የዩኒቨርሲቲው ቀለም አረንጓዴና ወርቃማ ቢጫ በመሆኑ ከባንዲራችን ቀዩ ብቻ የጎደለ ሰልፍ ይመስል ነበር። አንድ አረንጓዴ ካናቴራ የለበሱ ሽማግሌ የመኪናቸውን ቲኬት ከየኪሳቸው ቢፈልጉ አጡት፤ በመጨረሻ ከመዳፋቸው ውስጥ በላብ ርሶና ተጨማድዶ ተገኘ፤ ለካ ጨዋታው እስኪያልቅ ጨብጠውት ኖሯል። ቁጥሩ ስላልተነበበ መኪናቸውን ፎቅ ለፎቅ አብረን ስንፈልግ፣ እኔ ዐሥር ጊዜ ያየሁትን የብራውንን የመጨረሻ ውርወራ ደጋግመው ነገሩኝ፤ እኔም እንዳላየ ሰው ሰማኋቸው።

ከስድስት ቀን በኋላ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ፍሎሪዳ 73 ለ 58 አሸነፋቸው፤ ሊ ሃምፍሪ ብቻውን ስድስት ባለ ሦስት ነጥብ አስገባባቸው። ፍሎሪዳም በፍጻሜው ዩሲኤልኤ የተባለውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያ ሽንፈት የማዝንበት ነገር የለኝም፤ የተሻለው ቡድን አሸነፈ።

ይህን ያህል ያስጻፈኝ የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ይጫወታል፤ ልምምዱን ሲጨርስ ከትንሿ ስታዲየም በቀጥታ ወደ ቤቴ ይመጣል። ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ አይቶ ጽሑፋችሁን ካነበበ በኋላ «አጎቴ፣ እነዚህ ልጆች ዕድላቸው ሆኖ ነው እኮ» አለኝ። ስለ ዊቺታው ጨዋታም፣ ስለ ኮሚቴውም፣ ስለ ሆፍስትራም የሰማው ነገር አልነበረም፤ ከየት ይሰማዋል? ስኪን ዛሬ የዚያው የጆርጅ ሜሰን ዋና አሰልጣኝ መሆኑን ስነግረው ደግሞ «ቡጢ የመታው?» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስም ሲጠይቀኝ አመሸ።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ በሚመጣው መጋቢት ይህ ታሪክ በገጻችሁ ላይ እንደገና የሚነሣ ከሆነ፣ ቡድኖቹ እንዴት እንደተመረጡ ጥቂት መስመር እንዲጨመርበት፣ ከጆርጅ ሜሰን ስም አጠገብም የሆፍስትራ ስም እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ