ለደንበኞቻችን፦ በስልክ ኮማንድ መንገር ለምን እንዳቆምን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር የላክንላችሁ አጭር ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ ከስልካችሁም ከጽሑፋችሁም ተረድቻለሁ። «ሰርቨር ስትጭኑ ችግር ከገጠማችሁ ከእንግዲህ በስልክ ኮማንድ አንነግርም፤ ሎጉን በጽሑፍ ላኩልን፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ይከፈልበታል» ይላል። ኮማንድ ስንል ወደ ሰርቨሩ የሚጻፈውን ትእዛዝ፣ ሎግ ስንል ሰርቨሩ የገጠመውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል ነው። ለምን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ቃል የለበትም። አንዳንዶቻችሁ ዘንድ የደረሰውም ሰርቨራችሁ ቆሞ የእኛን እርዳታ በምትጠብቁበት ሰዓት ነው። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አስቀድሜ በራሴ አንደበት ልነግራችሁ ይገባ ነበር።

ውሳኔውን ግን አልቀየርኩም። ምክንያቱን ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ።

ይህን ሥራ ስጀምር ብቻዬን ነበርኩ። ያለኝ አንድ ያረጀ ላፕቶፕና አንድ ስልክ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብራችሁን ያላችሁ ደንበኞች ከመልኬ ይልቅ ድምፄን ታውቃላችሁ። እኩለ ሌሊት ላይ «አፓቼ (ድረ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም) አልነሳም አለኝ» ስትሉኝ ከአልጋዬ ሳልወርድ «ፖርት 80ን ማን ይዞታል? እስቲ እዩት» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ድረ ገጽ የሚስተናገድበትን ይህን በር ቀድሞ የተጫነ ሌላ የድረ ገጽ ፕሮግራም፣ ኢንጂንኤክስ፣ ይዞት ይገኛል። እሱን አስቁመን አፓቼን እናስነሳለን፣ ትመርቁኛላችሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። በዚህ ሥራ ኮርቼ ኖሬያለሁ፤ አሁንም እኮራበታለሁ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ ደንበኛችን «ድሮ በ10 ደቂቃ ትፈታው ነበር፤ ዛሬ ስትበለጽግ ረሳኸን» ብሎ ጻፈልኝ። ያ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ያ 10 ደቂቃ ምን እንዳስከተለ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ልንገራችሁ።

ከ3 ዓመት በፊት ነው። አንድ ደንበኛችን አዲስ የጫነው ድረ ገጽ ፎቶ አልቀበል አለው። የሚያሳየው መልእክት «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) ነው። ትክክለኛው አሠራር ፎልደሩ የማን እንደሆነ ማየትና ዌብ ሰርቨሩ ለሚሠራበት ዩዘር ማስረከብ ነበር። እኔ ግን መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ቸኩያለሁ። «ለጊዜው 777 (ለሁሉም ክፍት የሆነ ፈቃድ) ስጠው፣ ማታ አስተካክለዋለሁ» አልኩትና ኮማንዱን ፊደል በፊደል ነገርኩት። «ስላሽ» ብዬ ትንፋሽ ወሰድኩ፤ ከዚያ «ቫር፣ ስላሽ» እያልኩ ቀጠልኩ። እሱ ደግሞ እኔ ትንፋሽ በወሰድኩባት ቦታ ስፔስ መታ።

ስላሽ ብቻውን ሲቆም መላውን ሰርቨር ስለሚያመለክት ያቺ አንዲት ስፔስ ለአንድ ፎልደር የታሰበውን ትእዛዝ በመላው ሰርቨር ላይ አዘመተችው። ሥራው ሊጠናቀቅ ለምን ይህን ያህል ዘገየ እያልን ስንጠብቅ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ሱዶ ልዩ ፈቃዱን አጥቶ መሥራት አቆመ። ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ የምንገባበት ኤስኤስኤችም ቁልፎቹን ለሁሉም ተከፍተው ሲያገኛቸው በእነሱ አልሠራም ይላልና አዲስ ግንኙነት መቀበል ተወ። ደንበኛው «ምን ነክቼ ነው?» ሲለኝ ጉሮሮዬ ደርቆ መልስ አጣሁ። እሱ ምንም አልነካም። የነገርኩትን ነው የጻፈው። ሌሊቱን ሙሉ ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ ሰክተን ዳታቤዙንና ፎቶዎቹን አወጣን፣ ንጹሕ ሰርቨር ላይ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫንን፣ ሲነጋ ድረ ገጹ ተከፈተ። ዳታው ተርፏል። ያ ሰው አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ዛሬም ደንበኛችን ነው። ይህን ደብዳቤ ሲያነብ ስለ እሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ባለውለታዬ ነው።

በስልክ ኮማንድ መንገር ያቆምነው ለዚህ ነው። በጽሑፍ ስንልክላችሁ ስፔሱም ስላሹም በቦታው ይሆናል፤ እናንተም ኮማንዱን ከመጻፋችሁ በፊት ታነቡታላችሁ፣ ከስህተት በኋላም ምን እንደተባለ ተመልሶ ይታያል።

«ሎግ ላኩ» ስንልም ጊዜ ለመግዛት የሚመስላችሁ አላችሁ። አይደለም። «502 ባድ ጌትዌይ» የሚል ስክሪን ሾት ብቻ ሲደርሰን የምናውቀው ኢንጂንኤክስ ከኋላው ካለው ፕሮግራም ደህና መልስ እንዳላገኘ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ጨርሶ አልተነሳ ይሆናል፤ በሌላ ፖርት ተነስቶም ይሆናል። የኢረር ሎጉ የመጨረሻ መስመሮች ግን ይለዩታል። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ በዚያ ፖርት ላይ የሚሰማ የለም። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለና ሰርቨሩ ከሬድ ሃት ሊኑክስ ቤተሰብ ከሆነ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ኤስኢሊኑክስ የተባለውን የጥበቃ ሥርዓት ነው፤ ዌብ ሰርቨሩ ወደ ሌላ ፕሮግራም እንዳይገናኝ ከልክሎታል። መድኃኒቱ ያንን አንድ ፈቃድ መክፈት ነው። በስልኩ ዘመን ግን ለስንቱ «ኤስኢሊኑክስን አጥፋውና ሞክር» ብያለሁ! ይሠራል፣ ደስ ይለናል፣ ጥበቃው እንደጠፋ ይቀራል። ባለፉት ወራት ያንን ጥበቃ በየሰርቨራችሁ እየዞርን መልሰን ስናበራ ነበር። ለዚህ ሥራ ሂሳብ የላክንለት ደንበኛ የለም።

ከደንበኞቻችን መካከል ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ከስሪት 12 ወደ 16 አሳድጎ አልነሳም ያለው ነበር። ሎጉ የዳታ ፋይሎቹ ከአዲሱ ስሪት ጋር እንደማይስማሙ በግልጽ ይናገራል። ዳታው እዚያው አለ፤ በአሮጌው ስሪት አውጥቶ ወደ አዲሱ ማስገባት ወይም በራሱ የማሳደጊያ መሣሪያ ማሸጋገር ይቻላል። ሰው ግን ይደነግጣል። ዳታ ፎልደሩን አጥፍቶ «አሁን ተነሳልኝ» ብሎ በደስታ ሲደውልልኝ ምን ልበለው? የሁለት ዓመት መዝገብ ነው የጠፋው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ሰርቨር ሲቆምባችሁ ከማጥፋታችሁና እንደ አዲስ ከመጫናችሁ በፊት ጻፉልን። ደጋግሞ መጫኑ ሌላም ጣጣ አለው። ለድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፍኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ለተመሳሳይ የዶሜይን ስሞች በ7 ቀን ውስጥ ከ5 በላይ ሰርተፍኬት አይሰጥም፤ ሰርቨሩን እያጠፋ ስድስት ጊዜ የጫነ ሰው ችግሩ ከተፈታ በኋላ እንኳ ሰርተፍኬት ፍለጋ ይቆማል። ለሙከራ የተለየ አገልግሎት አላቸው፤ እኛ መጀመሪያ የምንሞክረው በዚያ ነው።

በሴንትኦኤስ 7 (በቆየ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ አዲስ ሶፍትዌር አንጭንም ማለታችንም አስቆጥቷል። ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ነው። ከዚያ በኋላ ጥቅሎቹ ይወርዱበት የነበረው አድራሻ ተዘጋና «ኢንተርኔታችን ተቋረጠ» ብላችሁ የደወላችሁ ነበራችሁ። ኢንተርኔታችሁ ደህና ነበር። አድራሻውን ወደ አሮጌው ማከማቻ ቀይሮ መጫን ይቻላል፤ ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍን የለም። ስሜን ሰጥቼ እንዲህ ያለ ሰርቨር ላስረክባችሁ አልችልም።

«ሶፍትዌሩ ነጻ ሆኖ ሳለ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» ላላችሁኝም ልመልስ። ለሶፍትዌሩ ከማናችሁም ተቀብለን አናውቅም። ሊኑክስ የሚሰራጭበትን ፈቃድ፣ ጂፒኤልን፣ ያነበበ ሰው ፕሮግራሙ ያለ ምንም ዋስትና እንደሚሰጥ ተጽፎ ያገኛል። ያንን ዋስትና ስንሰጥ የኖርነው እኛ ነን፤ እንቅልፋችንን እየሠዋን። ዛሬ የእናንተን ሰርቨር ከመንካታችን በፊት ቅጂውን በሙከራ ማሽን ላይ አስነስተን ጥገናውን እዚያ እንሞክራለን። የሙከራ ማሽኖቹ ኪራይ፣ የመጠባበቂያ ቅጂዎቹ ማከማቻ፣ ሌሊት የሚያድሩት ልጆች ደሞዝ ሁሉም ጨምሯል። ልጆቹን ማሰናበት ወይም ሰዓቱን ማስከፈል ነበር ምርጫዬ። ብዙዎቻችሁ በስም የምታውቋቸው ልጆች ናቸው።

ጥንቃቄያችን የበዛ የሚመስላችሁ ካላችሁ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የሆነውን አስታውሱ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ባለሙያ በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። «ምን አለበት» ብሎ አላለፈውም። ሲቆፍር ኤክስዚ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር (ሥውር መግቢያ) አገኘ። ከድረ ገጽ የተገኘ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ በሩት (በሰርቨሩ ሙሉ ሥልጣን) ስትለጥፉ የምጨነቀው ይህን እያሰብኩ ነው። እኔም አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች የማስተምረው የዚህን ሰው ዓይን ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ እውነት ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት እንደ ድሮው በነጻ ነው። ስትጽፉልን የሊኑክሱን ዓይነትና ስሪት፣ የመታችሁትን ኮማንድ እንዳለ፣ ከሎጉም የመጨረሻዎቹን 50 መስመሮች በጽሑፍ ላኩልን፤ ፓስወርድ ካለበት ሸፍኑት። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ፣ የሰርቨሩ ሰዓትም ትክክል መሆኑን አይታችሁ ብትነግሩን ደግሞ የሰዓቱን እኩሌታ ታተርፉልናላችሁ። እንዲህ ተሟልተው ከመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሰዓቱ ሳይሞላ ስለሚፈቱ አትከፍሉም።

ማስታወቂያው ሲወጣ ሥራችሁ በእጃችን የነበረ ደንበኞች በቀድሞው ስምምነት ይጨረስላችኋል። ከመካከላችሁ የከፈለ ካለ ገንዘቡ በዚህ ሳምንት ይመለሳል። ተቀይማችሁ ወደ ሌላ የሄዳችሁም የሰርቨራችሁ መጠባበቂያ ቅጂ እኛ ዘንድ እስከ 90 ቀን ይቆያል፤ ጠይቁ፣ እንሰጣችኋለን።

ስልኬም አልተዘጋም። ሰርቨር ቆሞባችሁ ከደወላችሁ አነሳለሁ፣ የሆነውን እሰማለሁ፣ ከዚያም ኮማንዱን ጽፌ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት