«ከ24 ሳምንት በፊት» ማለት መቼ ማለት ነው?

ለክብርት ዶክተር መቅደስ ዳባ
የጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክብርት ሚኒስትር፣

እርስዎ ራስዎ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ስለሆኑ ይህ ደብዳቤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ስለ አልትራሳውንድ የማውቀው አልጋው ላይ ተጋድሜ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ብቻ ነው። የምጠይቀውም ብዙ አይደለም፤ በእርግዝና ክትትል መመሪያችሁ ውስጥ ያለች፣ እናት አልትራሳውንድ የምትታይበትን ጊዜ የምትወስን አንዲት ሐረግ እንድትታረም ነው።

በሁለተኛው እርግዝናዬ ሁለት ጊዜ አልትራሳውንድ ታይቻለሁ። ጤና ጣቢያው መሣሪያ ስላልነበረው ሁለቱንም በግል ክሊኒክ፣ ከኪሴ ከፍዬ ነበር። የመጀመሪያው በሦስተኛው ወር መጨረሻ ነው። ሆዴ ላይ የተቀባው ጄል ቅዝቃዜው ሳይለቅ ምርመራው አለቀ። «አንድ ነው፣ ልቡ ይመታል፣ ደህና ነው» ተባልኩ፤ በወረቀቱም ላይ የተጻፈው ይኸው ነበር። በአምስተኛው ወር ደግሞ ሴት መሆኗ ተነገረኝና ባለቤቴ ወደ ቤት ስንመለስ ሙዝ ገዛልኝ። በሰባተኛው ወር ሆዴ ከመጠን በላይ ሲገፋ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ተላክሁ። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ከተመለከተች በኋላ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው። የልጄ የራስ ቅል አልተሠራም ነበር። ተወልዳ ለአርባ ደቂቃ ያህል ቆየች።

ይህ በሕክምናው አነንሴፋሊ የሚባለው ችግር በ12ኛው ሳምንት ገደማ ሊታይ እንደሚችል የሰማሁት ከቀብሯ በኋላ ነው። የጽንስ የራስ ቅል ከ11ኛው ሳምንት ጀምሮ እየጠነከረ ስለሚሄድ በደህና መሣሪያ ላይ ደማቅ መስመር ሆኖ ይታያል። መስመሩ ከሌለ የሠለጠነ ዓይን አያልፈውም። ከ11ኛው ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ፣ ጽንሱ ከራሱ እስከ መቀመጫው ከ45 እስከ 84 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሌላም ብዙ ነገር ይታያል። የሆድ ግድግዳው መዘጋቱ፣ የሽንት ፊኛው ከልክ በላይ መወጠሩ፣ እጅና እግሩ መሟላታቸው፣ መንታ ከሆነ አንድ የእንግዴ ልጅ ይጋሩ እንደሆነ ይለያል። የእርግዝናው ዕድሜም ከዚያ በኋላ ከሚደረግ ልኬት ይልቅ በዚህ ጊዜ በትክክል ይታወቃል። ከጽንሱ ማጅራት ሥር ያለው ፈሳሽ መወፈር ችግር ሊኖር ይችላል የሚል ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ልብና አከርካሪም 20ኛውን ሳምንት ገደማ ተጠብቆ እንደገና መታየት አለባቸው። ይህ ሁሉ ግን የመጀመሪያውን ምርመራ በሦስት ደቂቃ ለመጨረስ ምክንያት አይሆንም።

በ2014 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የእርግዝና ክትትል መመሪያ እናት ስምንት ጊዜ እንድትታይና ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድታገኝ ያዝዛል። «ከ24 ሳምንት በፊት» ማለት ግን መቼ ነው? ስድስተኛ ሳምንትም ከ24 በፊት ነው፤ ሃያ ሦስተኛም። በስድስተኛው ሳምንት የታየች እናት መመሪያው ተፈጽሞላታል፤ ስለ ልጇ አካል ግን ምንም አልተነገራትም። በሃያ ሦስተኛው የታየችዋ ደግሞ ለማሰብ፣ ሁለተኛ ሐኪም ለመጠየቅና ከቤተሰቧ ጋር ለመምከር የቀራት ጊዜ ጠባብ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው እርግዝናው እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። እኔ ምን እወስን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ቄሱንም፣ እናቴንም እጠይቅ ነበር። ጥያቄው በ12ኛው ሳምንት ሲቀርብና በ30ኛው ሲቀርብ ግን አንድ አይደለም።

«እናቶቹ መቼ ቀድመው መጡና?» እንደሚባል አውቃለሁ፤ እውነትም ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት እናቶች ከሦስት አንዷን እንኳ አይሞሉም። ሆድ ሳይገፋ እርግዝናን ማውራት ዓይን ይስባል ተብለን ነው ያደግነው፤ እኔም ለእኅቴ እንኳ የነገርኳት በአራተኛው ወር ነው። ይሁን እንጂ ቀድማ ብትመጣም የምትመዘንና የደም ግፊቷን ተለክታ የምትመለስ እናት ለጎረቤቷ «ቀድመሽ ሂጂ» የምትልበት ምክንያት የላትም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። ሐረጓ «ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ካለፈም ሳይዘገይ ከ24ኛው በፊት» ተብላ ትስተካከል። መርማሪው የሚሞላው አንድ ገጽ ቅጽም ይውጣ፤ ራስ ቅል፣ የሆድ ግድግዳ፣ ፊኛ፣ እጅና እግር እያለ፣ ከእያንዳንዱ ፊት «ታይቷል»፣ «አልታየም»፣ «አጠራጣሪ ነው» የሚል ሣጥን ያለበት። ቅጹ የግል ክሊኒኮችንም ያስገድድ። «ደህና ነው» የምትለዋ ቃል ብቻዋን በወረቀት ላይ እንዳትጻፍ ቢከለከል ደስ ይለኛል። ምን ታይቶ ነው ደህና የተባለው?

እንዲህ ያለውን ችግር ለመከላከል የሚረዳውን ቪታሚን፣ ፎሊክ አሲድንም ሳላነሣ አላልፍም። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከፅንሰቱ በኋላ በ28 ቀናት ገደማ ስለሚዘጋ በመጀመሪያው ክትትል የሚሰጠን እንክብል ለዚህ ጉዳይ የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው። የፋብሪካ ዱቄትን በፎሊክ አሲድ ማበልጸግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እህሏን በሰፈሯ ወፍጮ የምታስፈጭ እናት ዘንድ አይደርስም። የወሊድ መከላከያ መርፌዋን ለማቆምና ለመውለድ ስትወስን ወደ ጤና ኬላ የምትመጣ ሴት እንክብሉን ያኔውኑ ይዛ ብትመለስ ምን ይከብዳል?

ለሦስተኛው እርግዝናዬ ከመፀነሴ በፊት ጀምሬ በቀን 5 ሚሊ ግራም ወስጃለሁ፤ እንደ እኔ ቀድሞ ለደረሰባት የሚታዘዘው ከተለመደው 0.4 ሚሊ ግራም ይበልጣል። በ12ኛው ሳምንት ያየኝ ሐኪም ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ይኸውልሽ የራስ ቅሉ» እያለ በጣቱ አሳየኝ። ለቅጹ መነሻ የሆነኝ የእሱ ጣት የሄደበት ቅደም ተከተል ነው።

የልጄ ሁለቱ ወረቀቶች እስካሁን በእጄ ናቸው። ቅጹን ለሚያዘጋጁት ባለሙያዎች የሚጠቅሙ ከሆነ ቅጂያቸውን እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከደሴ