ለእማዬ፣ ስለ ፓፉ ጉዳይ

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ቅዳሜ በቪዲዮ ካወራን ጀምሮ ስለ ፓፉ፣ በአፍሽ ስለምትስቢው የሳንባ መድኃኒት፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል፣ በስልክ ልንገርሽ ብል ደግሞ ጎረቤት ይመጣል፣ ቡና ይቀርባል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ሳልጨርስ "በይ በርቺ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

ስራሽ ምንድን ነው እያልሽ ለምትጠይቂኝ መጀመሪያ ልመልስ። "ልጄ የሳንባ ዶክተር ናት" ብለሽ ለሰፈሩ ስላወራሽ ይኸው የማላውቀው ሰው ሁሉ ራጁን ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ይልክልኛል (የጉልበት ራጅ ሳይቀር!)። እኔ ሰው አላክምም። የማጠናው ሰው በትንፋሹ የሚስበው ነገር፣ ጭስም በይው አቧራም የፋብሪካ ኬሚካልም፣ ሳንባ ገብቶ ምን እንደሚሰራ ነው። አይጥን ጭስ ታስሸትቻለሽ ወይ ብለሽ የሳቅሽብኝ ነገር እውነት ነው፣ ግን አይጥ በአፍንጫዋ ብቻ ስለምትተነፍስ ብዙውን እዛው ታስቀረዋለች፣ እንደ ሰው አይደለችም። ለዚህ አሁን በብዛት የምንሰራው ከሰው አየር ቧንቧ የመጣ ሴል አሳድገን ነው። በማይክሮስኮፕ ብታይው ትንንሽ ፀጉሮች አሉት፣ አክታውን ወደ ላይ እየጠረጉ አንድ ላይ ይወዛወዛሉ፣ ጭስ ሲነካቸው ይደክማሉ።

ባለፈው ላብራቶሪ ውስጥ ባሕር ዛፍ አቃጠልን። እዚህ የሚያሳስባቸው የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ነው፣ እኔ ግን ጭሱ ያለፈበትን ማጣሪያ ስከፍተው በሐሳቤ ሽሮ ሜዳ ነበርኩ። ጠዋት ነጭ የነበረው ወረቀት የማድ ቤታችንን ግድግዳ መስሏል፣ ሽታውም ሴቶቹ ከእንጦጦ ተሸክመው የሚያወርዱት ቅጠል ነው፣ አንቺ አይንሽን ጨፍነሽ እፍ ስትይ እኔ ጀርባሽ ላይ ታዝዬ። እና ታውቂያለሽ፣ እሳቱ ቦግ ብሎ ሲነድ ሳይሆን ታፍኖ ሲጤስ ነው ከአንድ ኪሎ እንጨት ብዙ ጭስ የሚወጣው።

ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ በፈረንጆቹ 1993 የወጣ የስድስት የአሜሪካ ከተሞች ጥናት ነው። ከ8 ሺህ በላይ ሰው ከ14 እስከ 16 አመት ተከታትለው፣ አየሯ በጣም በቆሸሸው ከተማ የሞት መጠኑ ንጹህ ከሆነችው በ26 በመቶ በልጦ አገኙት። የዛች ከተማ ደቃቅ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 30 ማይክሮግራም ገደማ ነበር፣ የአለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2021 በአመት አማካይ ከ5 አይለፍ ብሏል። ለፋሲካ ስመጣ ያቺን ብናኝ የምትለካ ትንሽ ማሽን ማድ ቤት ያስቀመጥኳት ጊዜ ምጣዱ ሳይሰማ ከሺህ አለፈች። እኔ ደንግጬ ስቆም አንቺ "ጭስ ነው እንጂ ምን ይሆናል፣ ውጪና ቡናሽን ጠጪ" አልሽኝ። መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ ማለትሽም ልክ ነው፣ በዛ አልከራከርሽም።

ሳልሽን ያ ክሊኒክ ለስንት አመት ብርድ ነው እያለ መለሰሽ። እኔስ ብሆን? ጭስ እያጠናሁ አንድ ቀን እንኳ የትንፋሽ መለኪያ ማሽን ላይ ንፊ አላልኩሽም። አሁን ሲኦፒዲ፣ የአየር ቧንቧን የሚያጠብ የቆየ የሳንባ በሽታ፣ ነው ሲሉሽ "ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅ" ብለሽ አፈርሽ አሉ። አትፈሪ። ሲጋራ ነክተው የማያውቁ ስንት እናቶች ከምድጃ ጭስ ነው የሚይዛቸው።

አሁን ቅዳሜ ያየሁትን ልንገርሽ። ፓፉን ምላስሽ ላይ ረጭተሽ ዋጥሽው። እኔ እኮ እንጀራዬ ምን ያህሉ ሳንባ ደረሰ ብሎ መለካት ነው! ሳንባ ድረስ የሚወርደው ከፀጉር ውፍረት 20 እና 30 ጊዜ የሚያንስ ቅንጣት ነው፣ ጭሱም መድኃኒቱም በዛው በር ነው የሚገቡት፣ አንቺ ግን መድኃኒቱን ወደ ሆድሽ ላክሽው።

እንዲህ አድርጊ። ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፈልጊ፣ ልጁ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ይብሳው፣ ጥብቅ ይበል፣ ክፍተት እንዳይኖረው። በኦሞ እጠቢውና ራሱ ይድረቅ፣ በጨርቅ እንዳትወለውይው፣ ስትወለውይው ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደራሱ ይስባል። ከዛ ፓፉን ነቅነቅ፣ ትንፋሽሽን ወደ ውጭ፣ የጠርሙሱን አፍ በከንፈርሽ ግጥም፣ አንዴ ብቻ ተጫኚና ቀስ ብለሽ በረጅሙ ሳቢ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ እስከ አስር ቁጠሪ። ሁለተኛው ከአንድ ደቂቃ በኋላ። እንዳታጣድፊው።

ቅዳሜ ስደውል ጠርሙሱን ይዘሽ ጠብቂኝ፣ እያየሁሽ ነው የምትስቢው። ብቻ እማዬ፣ ያ አልጋ ስር ያለው ላምባ የነበረበት እንዳይሆን።