የታሪክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከእትዬ ቪዮሌታ ጋር የከረምንበት ዓመት

የክበባችን ዕቅድ ሰፊ ነበር። የሙዚየሙ ጉብኝት አውቶቡስ ጠፍቶ ቀረ። የጥያቄና መልስ ውድድሩ ተካሄደ፤ ተሸነፍን። የቀረውን ዓመት የወሰዱብን አንዲት የኒካራጓ እመቤት ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተነሣው ኅዳር ላይ፣ ለሚኒ ሚዲያ አንድ ጥያቄ ስናዘጋጅ ነው፦ በአሜሪካ አህጉር በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት የሆኑት የመጀመሪያዋ ሴት ማን ናቸው? ግማሹ አባል ዋሽንግተንን ብቻ እያሰበ "እስካሁን የሉም" አለ። መልሱ ግን ቪዮሌታ ቻሞሮ ነው። የአገራቸው ሰው "ዶኛ ቪዮሌታ" ይላቸው ነበር፤ በእኛ "እትዬ" እንደማለት ነው። ልጆቹም ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም።

እትዬ ቪዮሌታ በ1929 ሪቫስ ተወለዱ። ባለቤታቸው ፔድሮ ሆአኪን ቻሞሮ የ"ላ ፕሬንሳ" ጋዜጣ አዘጋጅና አገሪቱን ለአሥርት ዓመታት በአምባገነንነት የገዛው የሶሞዛ ቤተሰብ አገዛዝ ተቃዋሚ ነበሩ፤ ጃንዋሪ 10 ቀን 1978 በዋና ከተማዋ ማናጉዋ ውስጥ መኪናቸውን እየነዱ ሳለ በጥይት ተገደሉ። በ1979 ሳንዲኒስታ የተባሉት የግራ ክንፍ ታጋዮች ሶሞዛን ጥለው አብዮቱ ሲያሸንፍ እትዬ ቪዮሌታ አምስት አባላት ባሉት የመንግሥት ምክር ቤት ገቡ፤ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀው ወጡ። ከአራቱ ልጆቻቸው ሁለቱ ከሳንዲኒስታዎች ጋር ቆሙ፤ ሁለቱ በእናታቸው ጋዜጣ ሠሩ።

በ1990ው ምርጫ የደገፏቸው 14 ፓርቲዎች ነበሩ፤ ከወግ አጥባቂ እስከ ኮሚኒስት። ይህን ለማየት 14 ተማሪዎችን በየፓርቲው ሰይሜ "በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ዕጩ ምረጡ" አልኳቸው። ደወሉ ሲደወል ስብሰባውን ማን ይምራ በሚለው ላይ ገና እየተጨቃጨቁ ነበር። ኒካራጓውያኑ ግን ተስማሙ፤ ፌብሩዋሪ 25 ቀን የሳንዲኒስታዎቹን መሪና የወቅቱን ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኦርቴጋን 55 ለ41 በመቶ ገደማ አሸነፉ። በዘመቻው ወቅት የእትዬ ቪዮሌታ ጉልበት ተሰብሮ ነበር። በወላጆች ቀን ባቀረብነው ድራማ ነጭ ለብሳ በክራንች የወጣችው ተማሪያችን በመጀመሪያው ክፍል በቀኝ፣ በሁለተኛው በግራ እግሯ አነከሰች። አንድ አባት "ጉልበቱ ተዛወረ!" ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞሉት።

ክበቡን ለሁለት የከፈለው ክርክር ግን "የተመረጡት በባላቸው ደም ነው" የሚለው ነበር። ለምርጫው ይሁን እሺ፤ ለአስተዳደሩ ግን አልቀበለውም። የተሸናፊውን ወንድም ኡምቤርቶ ኦርቴጋን በጦሩ አዛዥነት ሲያቆዩ የገዛ ደጋፊዎቻቸው ፊታቸውን አዞሩባቸው። እሳቸው ግን የግዳጅ ምልመላን አስቀሩ፤ ሳንዲኒስታዎችን ሲወጉ የነበሩት ኮንትራ የተባሉ አማፅያን ትጥቅ ፈቱ፤ ከ80,000 በላይ የነበረው ጦር ወደ 15,000 ገደማ ወረደ። የተሰበሰበው መሣሪያ ማናጉዋ ውስጥ በአንድ መናፈሻ በኮንክሪት ተቀበረ፤ አፈሙዞቹ ብቅ ብቅ ብለው ይታዩ ነበር። ልጆቹ ያንን በጀሶና በእስክሪብቶ ቀፎ ሠሩት። ጀሶው ሳይደርቅ ሁለት "ጠመንጃ" ወደቀብን፤ ምንም አይደለም፣ የሚያስፈልገንም መውደቁ ነበር። የኑሮውን ጭንቅ፣ የሥራ አጡን ብዛትና አድማውንም በካርድ ጽፈን እንድንለጥፍ አስገድጃቸዋለሁ፤ የክበባችን ግድግዳ የሙገሳ ሰሌዳ አይደለምና።

ሥልጣን ያስረከቡበትን ካርድ የለጠፈችው አንዲት የ9ኛ ክፍል አባል ድንገት ቆም አለች። ጃንዋሪ 10 ቀን 1997። ሁለት ክንድ ወደ ግራ ሄዳ የባላቸውን ካርድ ነካች፦ ጃንዋሪ 10። እኔ ሁለቱንም ቀን ስንት ጊዜ አስተምሬ አላስተዋልኩትም ነበር።

ዜናው የደረሰን ሰኔ ላይ ነው። እትዬ ቪዮሌታ ጁን 14 ቀን 2025 በ95 ዓመታቸው ኮስታ ሪካ ውስጥ አረፉ። ቤተሰባቸው አገራቸው ዳግም ሪፐብሊክ እስክትሆን አስከሬናቸው በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ እንደሚቆይ አስታውቋል። በሰልፉ ቦታ ትልቅ ወሬ አልሆነም፤ ተማሪው ለፈተና እየተዘጋጀ ነበር። ያቺው ልጅ ግን ካርዱን ጽፋ ይዛ መጣች። ግድግዳው ሞልቶ ስለነበር በበሩ መቃን ላይ ለጠፍነው።