ጥያቄውን ማን ይምረጥ?
ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቦምብ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የፊዚክስ ሊቁ ቻርልስ ታውንስ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ጋር ሜዘርን (የማይክሮዌቭ ሞገድን የሚያጎላ መሣሪያ) ሲሠራ የላቦራቶሪው ገንዘብ ይመጣ የነበረው ከጦሩ ነው፤ ከሜዘር ሌዘር መጣ፣ ዛሬ የዓይን ሐኪሙም የሱቅ ሒሳብ ተቀባይዋም ይሠሩበታል። በ1969 ሥራ የጀመረው የኢንተርኔት አያት አርፓኔትም እንዲሁ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሙሪ የሚባለው የመከላከያ ሚኒስቴሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ፕሮግራም የፊዚክሱን፣ የባዮሎጂውንና የሒሳቡን ሰው አንድ ጥያቄ ላይ ያገናኛል፤ ይሄ በየትምህርት ክፍሉ አጥር ውስጥ ለሚለፋ ተመራማሪ ትልቅ ዕድል ነው፣ እደግፈዋለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ርዕሱን የሚመርጠው ጦሩ ነው። ለጦሩ የማይጠቅመው ጥያቄስ የት ይሂድ? የሲቪሉ የሳይንስ በጀት እየተቀነሰ የመከላከያው ብቻ እንዲቀር አልፈልግም። ሁለቱም ይኑሩ፣ ውጤቱም በግልጽ ይታተም።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ